የፈረንሳይ ማዕድ ያለ ሥጋ፦ ወቅቱ ምግቡን እንዴት ይወስናል?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ከፓሪስ አንድ ዜና ተሰማ። አርፔዥ የሚባለው ምግብ ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ ከማዕዱ ማውጣቱን አስታወቀ። ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የቀረው ማር ብቻ ነው። እሱም ከራሱ ቀፎዎች የሚቆረጥ ነው። አርፔዥ ተራ ቤት አይደለም። ሚሼሊን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ የሚሰጠውን ከፍተኛውን ደረጃ፣ ሦስት ኮከብ፣ ከ1996 ጀምሮ ይዞ የቆየ ነው።

የፈረንሳይ ምግብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስቴክ፣ ዳክዬና በቀይ ወይን የተቀቀለ ሥጋ ነው። ስለዚህ ዜናው ሲሰማ "ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ፋሽን ነው?" ማለት ያስኬዳል። ነገር ግን ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ሥጋ ማብሰል ትናንት የተጀመረ አይደለም። ዕድሜ ጠገብ ነው። የራሱ ዘዴ አለው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወቅትን ይከተላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ምን ዓይነት ምግብ ነው የምናወራው?

ቬጂቴሪያን የሚባለው ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ የማይበላ ሰው ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና አይብ ግን ይበላል። ቪጋን ከሆነ እነዚህንም አይነካም።

የፈረንሳይ የአትክልት ምግብ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ወገን ነው። "ሥጋ የለውም" ሲሏችሁ ጾም ነው ማለት አይደለም። በሰሜንና በመካከለኛው ፈረንሳይ የገበታ ቅቤና ክሬም በየድስቱ ይገባል። ደቡቡ ይለያል። ፕሮቫንስ የወይራ ዘይት አገር ነው። ከዚያ የሚመጡ በርካታ ምግቦች እኛ ጾም የምንለውን መስፈርት ያለምንም ለውጥ ያሟላሉ።

ወቅታዊ ማለት ደግሞ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ፣ ያለ ማሞቂያ፣ በጊዜው የደረሰውን አትክልት ማብሰል ነው። በፈረንሳይ ወቅት የሚለየው በዝናብ ሳይሆን በሙቀትና በብርድ ነው። በጃንዋሪ መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ በጁላይ ደግሞ ቲማቲሙ ከፀሐይ የተነሳ ይሰነጠቃል። ያው ማሳ በስድስት ወር ውስጥ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ይሰጣል።

ፈረንሳዮች ድሮም ያለ ሥጋ ያበስሉ ነበር?

አዎ። ግን ሁልጊዜ በፍላጎታቸው አልነበረም። ሁለት ነገሮች አስገድደዋቸዋል፦ ቤተ ክርስቲያንና ድህነት።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዓርብና ከፋሲካ በፊት ባለው የ40 ቀን ጾም ሥጋ ትከለክል ነበር። ዓሣ ይፈቀዳል። በመካከለኛው ዘመን በዐቢይ ጾም ቅቤ፣ ወተትና እንቁላልም ክልክል ነበሩ። ይህ ለደቡቡ ሰው ብዙም አይከብድም፤ ዘይት አለው። ለሰሜኑ የኖርማንዲ ሰው ግን ከባድ ነው፤ አገሩ የላምና የቅቤ አገር ነው። ስለዚህ ምእመናን ገንዘብ እየከፈሉ በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ ይወስዱ ነበር። በኖርማንዲዋ የሩዋን ከተማ ካቴድራል ላይ ዛሬም "የቅቤ ግንብ" የሚባል ረጅም ግንብ አለ። መሠራት የጀመረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ስሙን ያገኘው ከዚያ የፈቃድ ገንዘብ ነው።

ለማብሰል ጥበብ ይህ ሕግ ትልቅ ነገር አመጣ። የገዳምና የመኳንንት ወጥ ቤቶች ሁለት ዓይነት ሙያ መያዝ ነበረባቸው፦ ለፍስክ ቀንና ለጾም ቀን። በጾም ቀን የሥጋ መረቅ አይገባም። ስለዚህ ደረቅ አተር ቀቅለው፣ አጥልለው፣ ውኃውን እንደ መረቅ ይጠቀሙበት ነበር። አትክልትን አጃቢ ሳይሆን ዋና አድርጎ የማብሰል ልምድ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ገበሬው ግን የጾም ሕግ ባይኖርም ሥጋ እንደ ልቡ አያገኝም ነበር። ማታ ማታ ከጓሮው የነቀለውን ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት ቀቅሎ በደረቀ ዳቦ ላይ ያፈስሰዋል። ሾርባ የፈረንሳይ ገጠር እራት ሆኖ ለዘመናት የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ ምንጭም አለ፦ ቤተ መንግሥቱ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ትልቅ የአትክልት ቦታ አሠሩ። ሥራው ከ1678 እስከ 1683 የፈጀ ሲሆን የመራው ዣን ባቲስት ደ ላ ኬንቲኒ ነው። ቦታው ረግረግ ነበር። 9 ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ ዛሬም አትክልትና ፍራፍሬ ያበቅላል። ላ ኬንቲኒ ትኩስ የፈረስ ፍግ ከሥር እየነሰነሰ፣ ከላይ መስታወት እየደፋ መሬቱን ያሞቅ ነበር። በዚህ ዘዴ በዲሴምበር አስፓራገስ የሚባለውን የቡቃያ አትክልት፣ በማርች መጨረሻ እንጆሪ ለንጉሡ ያቀርብ ነበር። የአተር እሸት ደግሞ በቤተ መንግሥቱ እብደት ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። መኳንንቱ ሌላ ነገር እስኪረሱ ድረስ ስለ አተር ያወሩ እንደነበር በዘመኑ የተጻፉ ደብዳቤዎች ይናገራሉ።

እኔን በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ የነገሩ መገልበጥ ነው። ያኔ ወቅቱን ጠብቆ መብላት የድሃ ዕጣ ነበር። ንጉሡ ሀብቱን የሚያሳየው ወቅቱን በመሻር ነው። ዛሬ ማንኛውም ሰው በጃንዋሪ ቲማቲም ከሱፐርማርኬት ይገዛል። ታላላቆቹ ሼፎች ደግሞ ወቅቱን ጠብቀው የደረሰ ቲማቲም በማቅረብ ይኮራሉ።

ታዲያ የአርፔዡ ሰው ምን አዲስ ነገር አመጣ?

የቤቱ ባለቤት አለን ፓሳር በሥጋ ጥብስ የታወቀ ሼፍ ነበር። በ2001 ቀይ ሥጋ ከምግብ ዝርዝሩ አወጣ። በዚያን ጊዜ ባለ ሦስት ኮከብ ቤት ይህን ማድረጉ ያልተለመደ ነገር ነበር። ኮከቦቹን ግን አላጣም። ቀጥሎ ከፓሪስ ደቡብ ምዕራብ ባለው በሳርት የራሱን የአትክልት ቦታ ከፈተ። ከዚያ የተለቀመው ትኩስ አትክልት ወደ ፓሪስ ይላካል። ወጥ ቤቱም የሚያበስለው የመጣለትን ነው።

ከታወቁ ምግቦቹ አንዱ ቀይ ሥር ነው። ሙሉውን፣ ሳይላጥ፣ በደረቅ የባሕር ጨው ክምር ውስጥ ቀብሮ በምድጃ ያበስለዋል። ጨው ይጠነክርና ቅርፊት ይሆናል። ውስጡ ያለው ቀይ ሥር በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ቅርፊቱ ተሰብሮ ሲከፈት እንደ ትልቅ ሥጋ ጠረጴዛ ላይ ተቆርጦ ይቀርባል። ፓሳር ለጥብስ ይሰጥ የነበረውን ጥንቃቄ ለቀይ ሥር ሰጠው። አዲስ ነገሩ ይኸው ነው።

ከእሱ በፊትም መንገድ የጠረጉ አሉ። ሼፉ ሚሼል ብራስ በላጊዮል፣ በኦብራክ ደጋ ላይ፣ ጋርጉዩ የሚባል ምግብ ፈጥሯል። በአንድ ሳህን በደርዘን የሚቆጠሩ አትክልቶች፣ ቅጠላ ቅጠሎችና አበቦች ይቀርባሉ። ዝርዝሩ እንደ ቀኑ ይለያያል። በ2021 ደግሞ ክሌር ቫሌ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የከፈተችው "ኦና" የተባለ ምግብ ቤት፣ ከፈረንሳይ ቪጋን ቤቶች የመጀመሪያውን የሚሼሊን ኮከብ አገኘ።

ወቅት ለምን ይህን ያህል ይከበራል? ቲማቲም ቲማቲም አይደለም እንዴ?

አይደለም። ምክንያቱም ከስሜት የመጣ ሳይሆን በተክሉ ውስጥ የሚካሄድ ሥራ ነው።

የአተር እሸት ከተለቀመ በኋላ ስኳሩ ወደ ስታርች መቀየር ይጀምራል። ጠዋት የተለቀመ እሸት ማታ ያነሰ ጣፋጭ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ዱቄት ዱቄት ይላል። አስፓራገስም ከተቆረጠ በኋላ ከሥሩ እየጠነከረ እንጨት እንጨት ይላል። ቲማቲም ረጅም መንገድ እንዲችል ጥሬውን ከተለቀመ፣ በኋላ ቢቀላም መዓዛው ሙሉ አይሆንም። ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ያለውንም ያጣል።

ብርድም የራሱ ሥራ አለው። ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ባሮ ሽንኩርት ውርጭ ሲመታቸው እንዳይጎዱ በውስጣቸው ስኳር ያከማቻሉ። ስኳር ያለበት ውኃ ቶሎ አይረጋምና ነው። በዚህ ምክንያት ውርጭ ያገኘው ጎመን ከቀድሞው ይጣፍጣል። የክረምት (እዚህ የፈረንሳይ የብርድ ወቅት ማለት ነው) አትክልት "ሌላ ሲጠፋ የሚበላ" ነው የሚለው አስተሳሰብ በጣም የተሳሳተ ነው እላለሁ።

የዋጋና የጉልበት ነገርም አለ። በወቅቱ የደረሰ አትክልት ገበያው ላይ ይበዛል፤ ይረክሳል። ወቅቱን ያልጠበቀው ወይ በሚሞቅ የመስታወት ቤት ይበቅላል፣ ወይ ከሩቅ አገር ይመጣል። በክረምት በአውሮፓ ሱቆች የሚታየው ፎሶሊያ ከሞሮኮ ወይም ከኬንያ ሊሆን ይችላል፤ ከኢትዮጵያም የሚሄድ አለ። ለእኛ ገበሬ ገቢ ነው። ለፈረንሳዩ ወቅት ጠባቂ ግን ፎሶሊያ የሰመር፣ ማለትም የሙቀቱ ወቅት፣ ምግብ ነው።

በዓመቱ ውስጥ ምን ምን ይበላል?

ብርዱ ሲለቅ፣ ከማርች በኋላ፣ ሁሉም የሚጠብቀው አስፓራገስን ነው። ነጭና አረንጓዴ አለ። ነጩ የተለየ ዘር ስለሆነ አይደለም። ቡቃያው ብርሃን እንዳያይ አፈር ይከመርበታል። ብርሃን ካላየ አረንጓዴ አይሆንም። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ ሆላንዴዝ በሚባል ከእንቁላል አስኳል፣ ከቀለጠ ቅቤና ከሎሚ በሚሠራ ስጎ ይቀርባል። ቀጥሎ ራዲሽ ይመጣል። በጥሬው፣ በገበታ ቅቤና በጨው ይበላል፤ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። ከዚያ የአተር እሸቱ። የቆየው የፈረንሳይ አሠራር አተሩን ከሰላጣ ቅጠልና ከትንንሽ ሽንኩርቶች ጋር በቅቤ፣ ድስቱን ከድኖ ቀስ አድርጎ ማብሰል ነው። ሰላጣው ውኃ ስለሚያወጣ ሌላ ውኃ ብዙም አያስፈልግም። ሰላጣን ማብሰል ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። ግን ሞክሩት፤ ከአተሩ ጋር በጣም ይስማማል።

ሰመር የደቡብ ነው። ራታቱይ ከኒስ አካባቢ የመጣ ነው፦ ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት። ብዙ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ድስት ውስጥ ይጨምረውና ይንቦጫረቅበታል። ጥንቁቆቹ ግን እያንዳንዱን ለብቻው በዘይት ይጠብሳሉ። ደበርጃን ብዙ ዘይት ይመጥጣል፤ ዝኩኒ ውኃ ይተፋል፤ ቃሪያ ጊዜ ይፈልጋል። አብረው ሲበስሉ አንዱ ሲደርስ ሌላው ይፈርሳል። ለየብቻ ከተጠበሱ በኋላ ከቲማቲሙ ጋር ተደባልቀው ለጥቂት ጊዜ ይንተከተካሉ። ሁሉም የራሱን ጣዕም እንደያዘ ይቀራል። በማግስቱ ቀዝቅዞ ሲበላ ደግሞ ይበልጥ ይጥማል። በዚሁ ወቅት ፕሮቫንሶች የቦሎቄ፣ የፎሶሊያና የዝኩኒ ሾርባ ሠርተው፣ በመጨረሻ በሶብላ ከነጭ ሽንኩርትና ከወይራ ዘይት ጋር የተወቀጠበትን ፒስቱ ይጨምሩበታል።

መኸሩ የዱባ፣ የእንጉዳይና ቼስትነት የሚባለው የዛፍ ፍሬ ጊዜ ነው። አጭር ነው፤ ቶሎ ያልፋል።

ክረምቱ ረጅም ነው። ባሮ ሽንኩርት በደንብ እስኪለሰልስ ተቀቅሎ ሰናፍጭ ባለበት ቪነግሬት፣ ማለትም ከዘይትና ከኮምጣጤ በሚሠራ ስጎ፣ ይበላል። ኤንዲቭ የሚባል ነጭ ቅጠል አለ፤ ሥሩ ከማሳ ይነቀልና በጨለማ ቤት እንዲያቆጠቁጥ ይደረጋል። መሬቱ በረዶ ሆኖ እንኳ ትኩስ ቅጠል ይገኛል ማለት ነው። ከኦቨርኝ ደግሞ የፑዊ አረንጓዴ ምስር አለ። የሚበቅለው በእሳተ ገሞራ መሬት ላይ ነው። ከ1996 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሌላ አካባቢ የበቀለ ምስር በዚያ ስም አይሸጥም። ሲቀቀል አይፈርስም። ስለዚህ ለብ እንዳለ በቪነግሬት እንደ ሰላጣ ይበላል። ምድጃ ውስጥ የሚበስለው የድንች ግራቲንም የክረምት ነው። ከዶፊኔ አካባቢ የመጣው ጥንታዊው አሠራር ድንች፣ ወተት ወይም ክሬም፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ብቻ ነው። አይብ የለበትም። ድንቹ ከተከተፈ በኋላ አይታጠብም፤ ወተቱን የሚያወፍረው የራሱ ስታርች ነው።

ያለ ሥጋ ጣዕሙ ከየት ይመጣል?

የፈረንሳይ ወጥ ቤትም ቁሌት አለው። ሚርፗ ይባላል። ሁለት እጅ ሽንኩርት፣ አንድ እጅ ካሮት፣ አንድ እጅ ሰለሪ በደቃቁ ተከትፎ በቅቤ ወይም በዘይት ይቁላላል። ልዩነቱ እሳቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ እንዳይጠቁር በዝግታ፣ ውኃውን እያወጣ እንዲለሰልስ ብቻ ይደረጋል። እዚያ ላይ ጦስኝ፣ የሎረል ቅጠልና ፐርሰሜሎ በክር ታስረው ይጨመራሉ። ምግቡ ሲደርስ እስሩ ይወጣል።

ቀጥሎ ስጎዎቹ ናቸው። ቤሻሜል ሥጋ የለበትም። 50 ግራም ቅቤና 50 ግራም ዱቄት አብስሎ 1 ሊትር ወተት ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ቆስጣ፣ አበባ ጎመን ወይም ኤንዲቭ በዚህ ተሸፍኖ ምድጃ ይገባል። ቪነግሬት ደግሞ ሦስት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ ኮምጣጤ ነው፤ ትንሽ ሰናፍጭ ከተጨመረበት ሁለቱ ቶሎ አይለያዩም።

አረንጓዴ አትክልት የሚቀቀልበት መንገድም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ ውኃ በኃይል ይፈላል፤ በሊትር ከ10 ግራም ያላነሰ ጨው ይገባል። ድስቱ አይከደንም። አትክልቱ ሲሞቅ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ ደግሞ አረንጓዴውን ቀለም ያበላሻል። ክዳን ከሌለ ከፊሉ በእንፋሎት ይሄዳል። ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ ወዲያው በረዶ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ መብሰሉ በዚያው ይቆማል። ፎሶሊያችን ግራጫ እየሆነ ለሚያስቸግረን ሁሉ ይህ መፍትሔ ነው።

ትምህርት ቤቶች ውስጥ ክርክሩ ስለ ምን ነበር?

በ2018 የወጣው ኤጋሊም የሚባለው ሕግ የትምህርት ቤት ካፌዎች በሳምንት አንድ ቀን ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ እንዲያቀርቡ አዘዘ። በኖቬምበር 2019 ለሁለት ዓመት ሙከራ ተጀመረ። በ2021 የወጣው የአየር ንብረት ሕግ ቋሚ አደረገው። ይኸው ኤጋሊም ከ2022 ጀምሮ በእነዚህ ካፌዎች ከሚገባው ምግብ ቢያንስ 50 በመቶው ጥራቱ የተመሰከረለት፣ በዚህም ውስጥ ከጠቅላላው ቢያንስ 20 በመቶው ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የተመረተ እንዲሆን ይጠይቃል።

ነገሩ የጦፈው በሊዮን ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ከተማዋ በኮቪድ ምክንያት ተማሪዎች ተራርቀው እንዲበሉ አንድ ዓይነት ሥጋ የሌለው ምግብ ለሁሉም አቀረበች። ዓሣና እንቁላል ግን አልቀሩም። ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ተቃወሙ፤ የከብት አርቢዎች ሰልፍ ወጡ። ከዚያ በፊት የነበረው ከንቲባም ተመሳሳይ እርምጃ ወስዶ እንደነበር በክርክሩ መሃል ተነሥቷል። ሊዮን የፈረንሳይ የምግብ ዋና ከተማ ተብላ የምትታይ መሆኗ ነገሩን አጋግሎታል።

ፈረንሳይ ሄጄ ምግብ ቤት ብገባ ምን ልጠንቀቅ?

በአትክልት ምግብ ውስጥ የተደበቀ ሥጋ አለ። የሽንኩርት ሾርባ ብዙ ጊዜ በበሬ መረቅ ይሠራል። የምስር ሰላጣና የጎመን ምግብ ላይ ላርዶን የሚባል የተከተፈ የአሳማ ሥጋ ይጨመራል። ለኦርቶዶክሱም፣ ለሙስሊሙም፣ ለቤተ እስራኤሉም ይህ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። "መረቁ ከምንድን ነው? ላርዶን አለበት?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አይብም ቢሆን፣ ኮምቴን የመሳሰሉት ብዙዎቹ የሚረጉት ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር ነው። ጥብቅ ቬጂቴሪያኖች ስለዚህ ይጠይቃሉ።

በእኛ ኩሽና ይቻላል?

በደንብ ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር የባሮ ሽንኩርትና የድንች ሾርባን እመክራለሁ። ባሮ ሽንኩርት ያ ከሥሩ ነጭ፣ ከላይ አረንጓዴ የሆነው ረጅሙ ነው። ሦስት ትልልቅ ወስዳችሁ በቁመቱ ሰንጥቁና በየቅጠሉ መሃል ያለውን አፈር በደንብ እጠቡ። ነጩንና ለጋውን አረንጓዴ በቀጭኑ ከትፋችሁ በገበታ ቅቤ፣ በዝግተኛ እሳት፣ ሳይጠቁር 10 ደቂቃ አቁላሉት። ሦስት መካከለኛ ድንች ቆራርጣችሁ ጨምሩ። አንድ ሊትር ውኃ፣ ጨውና ትንሽ ጦስኝ አድርጉበትና ድንቹ እስኪፈርስ ድረስ 25 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት። ከዚያ በማንኪያ ጨፍልቁት፤ ወይም በጁስ መፍጫ አለስልሱት።

ለጾም ከሆነ በቅቤው ፋንታ ዘይት ይበቃል፤ ጣዕሙ ብዙም አይጎድልም። ባሮ ሽንኩርት ከጠፋ ቀይ ሽንኩርትና ዱባ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ዱባው ከድንቹ ቀድሞ ስለሚበስል ግን ዘግየት አድርጋችሁ ጨምሩት።